ለቬኒር የሚሆን የጥርስ ሳሙና እንዴት ይመረጣል?

ሥራዬ የጥርስ እጥበት ነው። ቬኒር (ጥርስ ፊት ላይ የሚለጠፍ ስስ ሽፋን) ያሠራ ሰው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «በየትኛው ሳሙና ልቦርሸው?» ዘመድ ጓደኛም ይጠይቀኛል። አንዳንዱ የገዛውን ሳሙና ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል። መልሱ ደግሞ በአንድ ቃል አያልቅም። የአንዱ ቬኒር ፖርሴሊን ነው፤ የሌላው ኮምፖዚት ነው። የአንዱ ድድ ደህና ነው፤ የሌላው ሸሽቷል። ስለዚህ የሳሙና ስም ከምነግራችሁ፣ ማንኛውንም ሳሙና አንስታችሁ ይሆነኛል ወይስ አይሆነኝም የሚለውን ራሳችሁ የምትለዩበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ ልጻፍላችሁ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ቬኒር አይቦረቦርም። ከኋላው ያለው ጥርስ ግን የራሳችሁ ጥርስ ነው፤ ይቦረቦራል። ስለዚህ ሳሙናው ሁለት ሥራ አለበት። አንደኛው የቬኒሩን ወዝ አለመግፈፍ ነው። ሁለተኛው ቬኒሩና ጥርሱ የሚገናኙበትን ጠርዝ ከመበስበስ መጠበቅ ነው። ብዙ ሰው ስለ መጀመሪያው ይጨነቅና ሁለተኛውን ይረሳዋል። እኔ በሥራዬ አዘውትሬ የማየው ችግር ግን ያለው ሁለተኛው ላይ ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

• አሁን የምትጠቀሙበት የጥርስ ሳሙና ከነካርቶኑ (የንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር ብዙ ጊዜ በደንብ የሚነበበው ካርቶኑ ላይ ነው)
• ቬኒሩ ከምን እንደተሠራ የሚገልጽ ወረቀት፣ ወይም የሠራላችሁ ሐኪም ስልክ
• ለስላሳ ፀጉር ያለው የጥርስ ቡርሽ
• የጥርስ ክር
• ንጹሕ ጨርቅ ወይም ሶፍት
• ትንሽ መስታወት እና ጥሩ የቀን ብርሃን
• ኢንተርኔት ያለው ስልክ

ደረጃ 1፦ ቬኒራችሁ ከምን እንደተሠራ እወቁ

ከዚህ ካልጀመራችሁ የቀረው ሁሉ ግምት ነው። «ቬኒር» የሚለው ስም አንድ ይሁን እንጂ ዕቃው የተለያየ ነው።

ፖርሴሊን (ሴራሚክም ይባላል) ላቦራቶሪ ውስጥ ተሠርቶ የሚለጠፍ ስስ ቅርፊት ነው። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ0.3 እስከ 0.7 ሚሊሜትር ነው። ጠንካራ ነው፤ ቀለምም በቀላሉ አይዝም። ፊቱ ላይ እንደ መስተዋት የሚያበራ ልባስ አለው። ይህ ልባስ ከተጫረ ግን ቤት ውስጥ የሚመለስበት መንገድ የለም።

ኮምፖዚት ደግሞ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ እዚያው ወንበር ላይ ጥርሱ ላይ እየቀባ፣ በመብራት እያደረቀ የሚሠራው ነው። ሬዚን በሚባል ፕላስቲክ መሰል ማያያዣ ውስጥ ደቃቅ የመስተዋት ብናኝ ተበትኖበት የተሠራ ነው። ማያያዣው ከብናኙ ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ ሻካራ ሳሙና መጀመሪያ የሚበላው እሱን ነው። ያን ጊዜ ብናኙ እንደ አሸዋ ብቅ ብቅ ይላል። ፊቱ ይሻክራል፤ ቀለምም መያዝ ይጀምራል። ኮምፖዚት ያላችሁ ሰዎች ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ በእጥፍ ጥንቃቄ አንብቡት።

ሦስተኛው ጊዜያዊ ቬኒር ነው። ዋናው ላቦራቶሪ ውስጥ እስኪሠራ ድረስ የሚደረግ የፕላስቲክ ዓይነት ነው። ከሁሉም ለስላሳው እሱ ነው። የተለጠፈውም እንዲነሳ ታስቦ ነው። በሐኪማችሁ ምክር ብቻ ሂዱ፤ ኃይል አትጠቀሙ።

ከአፍ ወጥቶ የሚገባ ቬኒር ካላችሁ ግን ይህ መመሪያ ለእሱ አይሆንም። የፕላስቲክ ስለሆነ በጥርስ ሳሙና ሳይሆን በለብ ያለ ውኃ፣ በለስላሳ የእጅ ሳሙና እና ለብቻው በተመደበ ለስላሳ ቡርሽ ነው የሚጸዳው። ሙቅ ውኃ ቅርጹን ያበላሸዋል። ለእሱ አታድርጉ ያልኳችሁ የጥርስ ሳሙናውን ነው። ጥርሳችሁን ግን እንደ ወትሮው በጥርስ ሳሙና ቦርሹ።

የእናንተ የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ አያሳፍርም። እኔ ጋ የሚመጣው ሰው ብዙው አያውቀውም። መልሱን እስክታገኙ ድረስ ኮምፖዚት እንደሆነ አድርጋችሁ ያዙት። እንዲህ ካደረጋችሁ በሁለቱም በኩል አትጎዱም።

ደረጃ 2፦ ሳሙናው ምን ያህል እንደሚፍቅ እወቁ

ማንኛውም የጥርስ ሳሙና ማለት ይቻላል ውስጡ የሚፍቅ ደቃቅ ብናኝ አለው። ቆሻሻውን ከጥርስ ላይ የሚያነሳው ቡርሹና ይህ ብናኝ ተጋግዘው ነው። ጥያቄው አለው የለውም ሳይሆን ምን ያህል ይፍቃል ነው።

ለዚህ መለኪያ አለ፤ አር.ዲ.ኤ. (RDA) ይባላል። ቁጥሩ ሲያንስ ሳሙናው ለስላሳ ነው፤ ሲበዛ ሻካራ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት አከፋፈል ይህ ነው፦

• ከ70 በታች፦ ዝቅተኛ
• ከ70 እስከ 100፦ መካከለኛ
• ከ100 እስከ 150፦ ከፍተኛ
• ከ150 እስከ 250፦ በጣም ከፍተኛ

አይ.ኤስ.ኦ. 11609 የሚባለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ የመጨረሻ ጣሪያው 250 ነው። ታዲያ «ከ250 በታች ከሆነ ለሁሉም ይሆናል» ብላችሁ አትለፉት። ጣሪያው የተቀመጠው ለተፈጥሮ ጥርስ ታስቦ ነው። ልኬቱ የሚሠራውም በዴንቲን ላይ ነው፤ ዴንቲን ማለት ከኢናሜሉ፣ ማለትም ከጥርሱ ጠንካራ የላይኛ ሽፋን፣ ሥር ያለው የጥርሱ ክፍል ነው። ስለ ፖርሴሊን ልባስ ወይም ስለ ኮምፖዚት ፊት በቀጥታ የሚነግረን ነገር የለም። ቢሆንም ሻካራውን ከለስላሳው ለመለየት እጃችን ላይ ካሉት መለኪያዎች የሚሻለው እሱ ነው። ለቬኒር የምመክረው ከ70 በታች ያለውን ነው። ፖርሴሊን ከሆነና የምትወዱት ሳሙና 75 ወይም 80 ቢሆን አትደንግጡ። ኮምፖዚት ከሆነ ግን ከ70 አትለፉ።

ችግሩ ይህ ቁጥር አብዛኞቹ ቱቦዎች ላይ አለመጻፉ ነው። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። የሳሙናውን ሙሉ ስም፣ ከነዓይነቱ፣ ከአር.ዲ.ኤ. ጋር አድርጋችሁ ስልካችሁ ላይ ፈልጉ። ዓይነቱን አትርሱ። አንድ ኩባንያ በአንድ ስም ስምንት ዘጠኝ ዓይነት ሳሙና ሊያወጣ ይችላል፤ አንዱ ለስላሳ ሆኖ ሌላው እጅግ ሻካራ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ «ለስሜት የሚሆን» (ቀዝቃዛና ትኩስ ለሚያመው ጥርስ ማለት ነው) የሚለውና «ነጭ የሚያደርግ» የሚለው የአንድ ኩባንያ ልጆች ቢሆኑም ጠባያቸው አንድ አይደለም። አምራቹ ድረ ገጹ ላይ ካላወጣው በኢሜይል ጠይቁት፤ መልስ የሚሰጡ አሉ። ቁጥሩ ጭራሽ ካልተገኘ ወደ ደረጃ 3 እለፉ።

ደረጃ 3፦ የጀርባውን ጽሑፍ አንብቡ

ፊት ለፊት የተጻፈው ማስታወቂያ ነው። እውነቱ ያለው ከኋላ በደቃቁ የተጻፈው ላይ ነው። ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በብዛት ከገባው ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ያሉትን አምስት ስድስት ስሞች በደንብ እዩ። የምትፈልጉት የሚፍቀውን ነገር ነው።

ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ ማለትም ቤኪንግ ሶዳ፣ ከሚፍቁት ሁሉ ለስላሳው ነው። ብቻውን ሲለካ አር.ዲ.ኤ.ው 7 አካባቢ ነው። ግን ሳሙና ውስጥ ከሌላ ሻካራ ነገር ጋር ተቀላቅሎ ሊመጣ ስለሚችል ስሙን ስላያችሁ ብቻ አትርኩ፤ ከጎኑ ማን እንዳለም እዩ።

ሃይድሬትድ ሲሊካ ዛሬ በብዛት የምታገኙት ነው። እንደ ብናኙ መጠንና ቅርጽ በጣም ለስላሳም በጣም ሻካራም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስሙ ብቻውን አይፈርድበትም። ሲሊካ ኖሮት ፊት ለፊቱ «ነጭ የሚያደርግ»፣ «ለአጫሾች» ወይም «እድፍ የሚያስለቅቅ» የሚል ካለበት ግን ሻካራ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሲሊካ ኖሮት «ለስሜታዊ ጥርስ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ከመጣ ብዙ ጊዜ ለስላሳ ነው።

ካልሲየም ካርቦኔት እና ዳይካልሲየም ፎስፌትም እንደዚሁ ናቸው፤ እንደ አሠራራቸው ይለያያሉ። ቁጥሩን ፈልጉ።

ፐርላይት፣ ፑሚስ፣ አሉሚና ወይም ከሰል ካያችሁ ግን መልሱት። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ጥርስን ለማንጣት ተብለው የሚገቡ ጠንካራ ብናኞች ናቸው። ስለ ከሰል ለብቻው ልናገር፣ ምክንያቱም ጉዳቱን በዓይኔ አይቼዋለሁ።

አንዲት ሴት ከፊት ስድስት ቬኒር አሠርታ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ «ጠርዙ ጠቆረብኝ፣ ተበላሽቷል መሰለኝ» ብላ መጣች። በመብራትና በማጉያ መነጽር ስናየው ከድዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ እንደ እርሳስ መስመር ቀጭን ጥቁር ነገር ይታያል። ብስባሽ አልነበረም። የከሰል ሳሙና ትጠቀም ነበርና የከሰሉ ብናኝ በቬኒሩና በጥርሱ መገናኛ ላይ ባለችው እጅግ ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ተቀምጦ ነው። የተወሰነውን አስለቀቅነው፤ የተወሰነው ግን እዚያው ቀረ። ከሰሉ ከመፋቁ በላይ የሚያስጠላው ይህ ነው፤ መግባት ቀላል ነው፤ መውጣት ግን አስቸጋሪ ነው።

ደረጃ 4፦ ፍሎራይድ መኖሩን አረጋግጡ

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። «ለቬኒር ፍሎራይድ ምን ያደርጋል?» ይሉኛል። ለቬኒሩ ምንም አያደርግም። ፍሎራይድ ጥርስን ከመበስበስ ይከላከላል፤ የሚሠራውም ጠርዙ ላይ ላለው ጥርስና ለድዱ ዙሪያ ነው። ጠርዙ ሥር ብስባሽ ከገባ ቬኒሩ ምንም ሳይሆን መነሳት ሊኖርበት ይችላል፤ የያዘው ጥርስ ከሥሩ ተበልቷላ።

ለአዋቂ የሚመከረው መጠን ከ1000 እስከ 1500 ፒ.ፒ.ኤም. (ከሚሊዮን ስንት እጅ ማለት ነው) ነው። አንዳንዱ ቱቦ ቁጥሩን በቀጥታ ይጽፈዋል። ሌላው በመቶኛ ብቻ ይጽፋል፤ ያኔ በዚህ መልሱት፦

• ሶዲየም ፍሎራይድ 0.24 በመቶ፦ ወደ 1100 ፒ.ፒ.ኤም.
• ሶዲየም ፍሎራይድ 0.32 በመቶ፦ ወደ 1450 ፒ.ፒ.ኤም.
• ሶዲየም ሞኖፍሎሮፎስፌት 0.76 በመቶ፦ ወደ 1000 ፒ.ፒ.ኤም.
• ስታነስ ፍሎራይድ 0.454 በመቶ፦ ወደ 1100 ፒ.ፒ.ኤም.

ከእነዚህ ለቬኒር ያለ ሐሳብ የምትወስዱት ሶዲየም ፍሎራይድን ነው። ሞኖፍሎሮፎስፌትም ችግር የለበትም። ስታነስ ፍሎራይድ ለድድ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አንዳንድ ሰው ላይ ቢጫ ወይም ቡናማ እድፍ ይተዋል። እድፉ ከላይ የሚቀመጥ ስለሆነ በእጥበት ይለቃል። ቢሆንም በተለይ ኮምፖዚት ካላችሁ፣ ድዳችሁም ካላስቸገራችሁ፣ ሌላውን መምረጥ ይሻላል። ድዳችሁ የሚደማ ከሆነና ሐኪም ያዘዘላችሁ ስታነስ ከሆነ ግን በራሳችሁ አትተዉት፤ አነጋግሩት።

አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። ዝርዝሩ ላይ ካልሲየም ካርቦኔት ካለ ፍሎራይዱ ሞኖፍሎሮፎስፌት መሆን አለበት። ምክንያቱም ካልሲየሙ ሶዲየም ፍሎራይድን ይይዝና ሥራውን እንዳይሠራ ያደርገዋል። ሁለቱን አብሮ የያዘ ሳሙና ካጋጠማችሁ ተዉት።

«ተፈጥሯዊ» ወይም «ከዕፅዋት የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ስለ መፋቅ ኃይሉ ምንም አይናገርም። ብዙዎቹም ፍሎራይድ የላቸውም። ቱቦውን ገልብጣችሁ እዩ።

ደረጃ 5፦ «ነጭ ያደርጋል» የሚለውን ቃል መርምሩ

ቬኒር ፖርሴሊንም ሆነ ኮምፖዚት በሳሙና አይነጣም። ቀለሙ የሚወሰነው ሲሠራ ነው።

ነጭ ያደርጋሉ የሚባሉ ሳሙናዎች በአብዛኛው የሚሠሩት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በመፋቅ ነው፤ የእሱን ጉዳት አይተናል። ሁለተኛው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ወይም ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ በሚባል ኬሚካል ነው። ኬሚካሉ የተፈጥሮ ጥርስን ቀለም ሊያነጣ ይችላል፤ ቬኒሩን ግን አይነካውም። ውጤቱን አስቡት። ቬኒራችሁ የተሠራው ከጎኑ ካሉት ጥርሶች ጋር ተመሳስሎ ነው። ጎረቤቶቹ ሲነጡ እሱ ባለበት ይቀራል። ከዚያ ሰው የሚያየው የነጡትን ጥርሶች ሳይሆን ቢጫ የመሰለውን ቬኒር ነው።

ቬኒሩ ራሱ ቀለም የያዘ ከመሰላችሁ ሳሙና ከመቀየር በፊት ማሳጠብ ይቀድማል። ብዙ ጊዜ ላዩ ላይ የተቀመጠ እድፍ ነው፤ በእጥበትና በለስላሳ ማወልወያ ይለቃል። አንዳንዴ ግን ቀለሙ የመጣው ከሥሩ ካለው ማጣበቂያ ነው። ያኛውን ምንም ዓይነት ሳሙና አይደርስበትም።

ደረጃ 6፦ የራሳችሁን አፍ ሁኔታ ጨምሩበት

እስካሁን ያልኩት ለሁሉም ነው። ከዚህ በታች ካለው ውስጥ የሚመለከታችሁን ብቻ ውሰዱ።

ድዳችሁ ሸሽቶ የጥርሱ ሥር ከታየ፣ ያ የታየው ክፍል ኢናሜል የለውም። እጅግ ለስላሳ ስለሆነ በሻካራ ሳሙና ይቦጫጨራል። ለእናንተ ከ70 በታች የሚለው ምክር ሳይሆን ግዴታ ነው።

ቀዝቃዛ ወይም ትኩስ ሲነካው ጥርሳችሁን የሚጠዘጥዛችሁ ከሆነ ፖታሲየም ናይትሬት ያለበትን ፈልጉ። ለውጡ በአንድ ቀን አይመጣም። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሳታቋርጡ ተጠቀሙበት።

አፋችሁ ቶሎ ቶሎ የሚቆስል ከሆነ ሶዲየም ሎሪል ሰልፌት የሌለበትን ሞክሩ። አረፋ የሚያበዛው እሱ ነው። አረፋው ሲያንስ የማይጸዳ ይመስላል፤ ግን ይጸዳል።

አፋችሁ የሚደርቅ ከሆነ ወይም ጥርሳችሁ ቶሎ የሚቦረቦር ከሆነ ሐኪም 5000 ፒ.ፒ.ኤም. ፍሎራይድ ያለው ሳሙና ሊያዝላችሁ ይችላል። በትእዛዝ ብቻ የምትወስዱት ነው።

ጣዕሙን የምትወዱትን ምረጡ።

ደረጃ 7፦ በትክክለኛው ቡርሽና እጅ ተጠቀሙበት

ለስላሳ ሳሙና ገዝታችሁ በጠንካራ ቡርሽ ብትፍቁበት ልፋታችሁ ከንቱ ነው። ብናኙን ጥርስ ላይ የሚጫነው እጃችሁ ነው።

ሀ. «ለስላሳ» ወይም «በጣም ለስላሳ» የሚል ቡርሽ ያዙ። ፀጉሩ ወደ ጎን ከተንጨባረረ ሦስት ወር ባይሞላውም ቀይሩት።

ለ. የአተር ፍሬ የምታህል ሳሙና ይበቃል። ማስታወቂያ ላይ ቡርሹን ሙሉ የሚቀቡት እንዲያምር ነው።

ሐ. ቡርሹን በጥርሱና በድዱ መገናኛ ላይ ዘንበል አድርጋችሁ ያዙት፤ 45 ዲግሪ አካባቢ። ቬኒሩ የሚጀምረው እዚያ ስለሆነ ቆሻሻ የሚጋገረውም እዚያው ነው። ትንንሽ ክብ እየሠራችሁ ሂዱ። ግራና ቀኝ እንደ መጋዝ አትሳቡ።

መ. ቡርሹን በመዳፍ ጨብጣችሁ ሳይሆን እንደ እስክሪብቶ በጣታችሁ ያዙት። ያን ጊዜ መጫን ብትፈልጉ እንኳ አቅም አታገኙም። ይህች ትንሽ ዘዴ ብዙ ሰው ረድታልኛለች።

ሠ. ሁለት ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ጊዜ። የማታው እንዳይቀር።

ረ. ስትጨርሱ ትፉት፤ በውኃ ግን አትጉመጥመጡ። ከተጉመጠመጣችሁ ፍሎራይዱ ሥራውን ሳይጀምር ታጥቦ ይሄዳል።

ሰ. በክር በጥርሶቹ መካከል አጽዱ። ክሩን ጎን ለጎን እያንሸራተታችሁ አስገቡ እንጂ ወደ ታች ጥላችሁ አታስገቡት። ካስቸገራችሁ ወደ ላይ ከመመንጨቅ በአንድ ጎን ጎትታችሁ አውጡት።

የኤሌክትሪክ ቡርሽ ይቻላል። ለስላሳ ጭንቅላት ይኑረው። ሲጫኑት የሚያስጠነቅቅ ዓይነት ከሆነ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው።

ደረጃ 8፦ በየወሩ በመስታወት ፈትሹ

መምረጥ አንድ ነገር ነው፤ የመረጣችሁት እየጎዳ አለመሆኑን ማረጋገጥ ሌላ ነው። ይህን ለማወቅ ክሊኒክ መምጣት አያስፈልጋችሁም።

ቀን ላይ መስኮት አጠገብ ቁሙ። ከንፈራችሁን ገለጥ አድርጋችሁ ቬኒሩን በጨርቅ ወይም በሶፍት አድርቁት። ማድረቁ ግዴታ ነው፤ ምራቅ ያለበት ጥርስ የተጫረም ቢሆን ያበራል። ከዚያ የመስኮቱ ብርሃን ቬኒሩ ላይ ሲያርፍ እዩት። ጤነኛ ከሆነ የመስኮቱ ቅርጽ ጥርት ብሎ፣ ጠርዙ ተለይቶ ይታያል። ፊቱ ከተፋቀ ብርሃኑ ይደበዝዛል፤ እንፋሎት እንደነካው መስተዋት ይሆናል።

ቀጥላችሁ ምላሳችሁን አንሸራትቱበት። መንሸራተት ነው ያለበት። የሚያዝ ቦታ ካለ፣ በተለይ ድዱ አጠገብ፣ ልብ በሉ። በመጨረሻ ጠርዙን እዩ። አዲስ መስመር፣ ጥቁረት ወይም የሚደማ ድድ ካለ መዝግቡት፤ ከቻላችሁ ፎቶ አንሱ። የሚቀጥለው ወር ላይ የምታነጻጽሩበት ይሆናችኋል።

ድዝዝ ማለት ከጀመረ ሳሙናውን ያኔውኑ አቁሙና ለሐኪም አሳዩ። ኮምፖዚት ከሆነ እንደገና ተወልውሎ ወዙ ሊመለስ ይችላል። ፖርሴሊንም በልዩ ማወልወያ ሊስተካከል የሚችልበት ጊዜ አለ፤ ያን ግን ባለሙያ ብቻ ነው የሚያደርገው።

ማስጠንቀቂያዎች

ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ጨው ወይም አመድ በሳሙና ላይ አትጨምሩ። አሲዱ በጠርዙ ያለውን ጥርስ ያሟሟል፤ ጨውና አመዱ ደግሞ ይፍቁታል። የቤኪንግ ሶዳ ዱቄትም ብቻውን የሳሙና ምትክ አይሆንም፤ ፍሎራይድ የለውም።

አሲድነት ያለው ነገር ከጠጣችሁ ወይም ካስመለሳችሁ ወዲያው አትቦርሹ። በውኃ ተጉመጥሙጣችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ። በዚያ ሰዓት የጥርሱ ፊት ለስልሶ ስለሚሆን ቡርሹ ይዞት ይሄዳል።

ክሊኒክ ስትሄዱ ገና ሳትቀመጡ «ቬኒር አለኝ» በሉ። ጥሩ ቬኒር ከተፈጥሮ ጥርስ አይለይም፤ ባለሙያውም በአንድ እይታ ላያውቅ ይችላል። መናገራችሁ ሁለት ነገር ያድናል። አንደኛው፣ አሲድነት ያለው 1.23 በመቶ የፎስፌት ፍሎራይድ ጄል ፖርሴሊንን ይበላዋል፤ ወዙንም ይገፈዋል። በምትኩ አሲድ የሌለበት ሶዲየም ፍሎራይድ ይደረግላችኋል። ሁለተኛው፣ በንዝረት የሚሠራው የእጥበት መሣሪያ በቀጥታ ጠርዙ ላይ እንዳያርፍ ይጠነቀቁላችኋል።

ኮምፖዚት ያላችሁ፣ የአፍ መጉመጥመጫ ከገዛችሁ አልኮል የሌለበትን ግዙ።

ሲነክሱ የሚያም፣ የሚነቃነቅ ወይም ጠርዙ የተሰነጠቀ ቬኒር ካለ ሳሙና መቀየር መፍትሔ አይሆንም። ቀጠሮ ያዙ። ከወለቀባችሁ በሱፐር ግሉ መልሳችሁ አትለጥፉት፤ በንጹሕ ዕቃ አድርጋችሁ ይዛችሁት ሂዱ።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

«ጄል ስለሆነ ለስላሳ ነው» ማለት። ጄል በዓይን ሲያዩት ጥርት ያለ ስለሆነ የሚፍቅ ነገር የሌለው ይመስላል። ውስጡ ያለው ሲሊካ ግን ብርሃን ስለሚያሳልፍ ነው የማይታየው። ጄልም ከነጩ ሳሙና እኩል ሻካራ ሊሆን ይችላል።

በጣት አሽቶ መፈተን። ብናኙ ጣት ከሚለየው በላይ ደቃቅ ነው። በጣት ሲነካ ልስልስ ያለው ሳሙና ቁጥሩ ከ150 በላይ ሊሆን ይችላል።

ቱቦው ጫፍ ላይ ያለችውን ባለቀለም አራት ማዕዘን ማመን። አረንጓዴ ከሆነ ተፈጥሯዊ ነው፣ ጥቁር ከሆነ ኬሚካል ነው የሚለው ወሬ በስልክ ሲዞር ኖሯል። ውሸት ነው። ያቺ ምልክት ፋብሪካው ውስጥ ማሽኑ ቱቦውን የት እንደሚቆርጥና እንደሚያሽግ የሚያውቅባት ናት። ስለ ይዘቱ ምንም አትናገርም።

«ቬኒር አይበሰብስም» ብሎ ክር መተው። ጠርዙ ላይ የሚገባው ብስባሽ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ቡርሽ ከማይደርስበት ከጥርሶቹ መካከል ነው።

ለፊት ጥርስ አንድ፣ ለኋላው ሌላ ሳሙና መያዝ። ጥቂት ሰዎች እንዲህ ያደርጋሉ፤ ለፊቱ ለስላሳ፣ ለኋላው ነጭ የሚያደርግ። አፍ ውስጥ ግን ድንበር የለም። በምራቅ ሁሉም ይደባለቃል።

ሳሙናውን በየሳምንቱ መቀያየር። ቬኒሩ ድዝዝ ቢል ወይም ድዱ ቢቆጣ የትኛው እንዳደረገው አታውቁም። አንዱን መርጣችሁ ቢያንስ ሁለት ወር ቆዩበት። ከዚያ በደረጃ 8 እንዳልኩት መስኮት አጠገብ ቆማችሁ እዩት።